ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ደብዳቤ፤ የቤት ግብርን አንብቦ ስለ መረዳት

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፤ በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፤ አንዲት እናት ጠርተውኝ «መምህር፤ አንድ ጊዜ ቤቴ ብቅ ይበሉልኝ፤ የሚነበብ ወረቀት አለኝ» አሉኝ። እኒህ እናት በአውስትራሊያ፤ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፤ በሜልበርን ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። ልጆቻቸውን አሳድገው፤ የቤታቸውን ዕዳ ለባንክ ከፍለው ጨርሰው፤ አሁን በጡረታ ይኖራሉ።

ቡናው ከተጠጣ በኋላ መሳቢያውን ስበው አራት ፖስታ አወጡና በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከአራቱ የተከፈተው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት ሦስቱ እንደ ታሸጉ ናቸው።

«ስለ ምን አልከፈቷቸውም?» ብዬ ብጠይቅ «በፊተኛው ላይ የቤቴን ዋጋ ጽፈው ላኩብኝ። የቤትን ዋጋ የሚጽፍ መንግሥት ቤቱን ሊወስድ ነው ብዬ ፈራሁ» ሲሉ መለሱልኝ።

ይህ ንግግር እንዲያው ለመሳቅ የሚሆን አይደለም። የእኒህ እናት አባት በአዲስ አበባ ሁለት ቤት ነበራቸው። በአንዱ ይኖሩበታል፤ ሁለተኛውን አከራይተው በኪራዩ ልጆቻቸውን ያስተምሩበታል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ሁለተኛው ቤት ሄደ። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበሩት እኒህ እናት ከመንግሥት የሚመጣ ወረቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያዩት በገዛ ቤታቸው ነው። ስለዚህ ፍርሃታቸው ሥር የሌለው ፍርሃት አልነበረም። ነገር ግን ወረቀቱ ሌላ ነበር፤ አገሩም ሌላ ነበር፤ ዝምታቸውም ከወረቀቱ ይልቅ ጎዳቸው።

እኒህን የመሰሉ ቤተ ሰቦች በየቦታው ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፤ ያን ቀን በጠረጴዛው ዙሪያ የተነጋገርነውን ነገር ለአንባቢዎች በቅደም ተከተል ላቀርበው አሰብሁ።

ግብሩ ምንድን ነው?

በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት 79 ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። የአገሩ ሰው «ካውንስል» ይላቸዋል። የሰፈሩን መንገድና የእግረኛ መሄጃ የሚጠግኑ፤ ቆሻሻ የሚያነሡ፤ ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻ የሚጠብቁ፤ አራስ እናትንና ሕፃንን የምትጎበኝ ነርስ የሚመድቡ እነርሱ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ሥራ ከሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚሰበስቡት በክልላቸው ውስጥ ቤትና ቦታ ካላቸው ሰዎች ነው። ይህ ግብር «ሬትስ» ይባላል። የሚቈጠረውም ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ባለው የበጀት ዓመት ነው።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአገራችን «የጣሪያና ግድግዳ» እያልን የምንጠራው ግብር የዚሁ ዘመድ ነው። የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 80 የወጣው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፤ ግብሩን ያሰላው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ስለዚህ «ቤቴ ስንት ተገመተ? ከግምቱስ ወደ ግብሩ የሚደረሰው እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በባሕር ማዶ ላሉት ብቻ የሚቀር አይደለም።

ከፋዩ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በቪክቶሪያ ሬትስን የሚከፍለው ባለቤቱ እንጂ ተከራዩ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ግን «ካውንስል ታክስ» የሚባለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፤ ተከራይም ቢሆን። ከለንደን ወደ ሜልበርን የተዛወረ ወይም ከሜልበርን ወደ ለንደን የሄደ ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ይህን ልዩነት ልብ ይበል።

ሦስቱ የግምት ቍጥሮች

እናታችን ያስደነገጣቸው የግምቱ ቍጥር ነው። በወረቀቱ ላይ ግን የግምት ቍጥር አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቦታው ከነቤቱና በላዩ ካለው ሥራ ሁሉ ጋር ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ሁለተኛው የባዶ መሬቱ ዋጋ ብቻ ነው። ሦስተኛው ንብረቱ በዓመት ሊያስገኝ የሚችለው የተጣራ ኪራይ ሲሆን፤ ለመኖሪያ ቤት ከመጀመሪያው ቍጥር 5 በመቶ ሆኖ ይቈጠራል። ከማዘጋጃ ቤቶቹ አብዛኞቹ ግብሩን የሚያሰሉት በመጀመሪያው ነው።

ግምቱን የሚያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ አይደለም፤ «ቫልዩር ጄኔራል» የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የግምት ባለ ሥልጣን ነው። ቀድሞ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይገመት ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በየዓመቱ የጃኑዋሪ 1 ቀን ዋጋ ተይዞ፤ ከጁላይ ጀምሮ ለሚሰበሰበው ግብር መሠረት ይሆናል። ገማቾቹ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብተው አያዩም። በሰፈሩ የተሸጡትን ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ እያነጻጸሩ ይገምታሉ። ስለዚህ አልፎ አልፎ ስሕተት ቢገኝበት የሚያስገርም አይደለም።

ግምቱ ከፍ ሲል ግብሩም እንደዚያው ከፍ ይላልን?

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «የቤቴ ግምት በመቶ 20 ስለ ጨመረ ግብሬም በመቶ 20 ይጨምራል፤ ማዘጋጃ ቤቱም በዚህ ይከብራል» ብሎ ያስባል። እንዲህ አይደለም። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እንደምሠራው በቀላል ሒሳብ እንየው።

ዐሥር ቤቶች ብቻ ያሉበት አንድ ማዘጋጃ ቤት አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤት 500,000 ዶላር ተገምቷል፤ ድምሩ 5,000,000 ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለዓመቱ ሥራ 15,000 ዶላር ያስፈልገዋል። 15,000ን ለ5,000,000 ብናካፍል 0.003 ይሆናል። ይህ በእያንዳንዱ ዶላር ግምት ላይ የሚታሰበው መጣኝ ነው። 500,000 በ0.003 ሲባዛ 1,500 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቤት 1,500 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የዐሥሩም ቤቶች ግምት በመቶ 20 ጨምሮ 600,000 ሆነ እንበል። ድምሩ 6,000,000 ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን እንዲሰበስብ የተፈቀደለት ከዓምናው በመቶ 3 ብቻ አስበልጦ፤ ማለት 15,450 ዶላር ነው። ስለዚህ መጣኙ ወደ 0.002575 ይወርዳል፤ እያንዳንዱም ቤት 1,545 ዶላር ይከፍላል። ግምቱ በመቶ 20 ሲጨምር ግብሩ የጨመረው በመቶ 3 ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የዘጠኙ ቤቶች ግምት 600,000 ሆኖ፤ የአንዱ ብቻ 700,000 ሆነ እንበል። ድምሩ 6,100,000 ነው። የሚሰበሰበው ያው 15,450 ነው። በዚህ ጊዜ ዘጠኙ ቤቶች እያንዳንዳቸው 1,520 ዶላር ገደማ ሲከፍሉ፤ ዐሥረኛው ቤት 1,773 ዶላር ገደማ ይከፍላል። የዐሥረኛው ቤት ግምት በዓምናው 500,000 ላይ ቢቆም ኖሮ ግን ግብሩ ወደ 1,309 ዶላር ይወርድለት ነበር፤ የቀሩትም እያንዳንዳቸው 1,571 ዶላር ገደማ ይከፍሉ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ግምቱ የሸክሙን መጠን የሚወስን ሳይሆን ሸክሙን ለየሰዉ የሚያከፋፍል መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳሉት፤ ሎሚው አስቀድሞ ተቈጥሯል። የግምቱ ሥራ ማን ስንት እንዲይዝ ማመልከት ነው። ስለዚህ ሰው መጠየቅ ያለበት «ግምቴ ስንት ጨመረ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ከጎረቤቶቼ ግምት ይልቅ አብልጦ ጨምሯልን?» ብሎ ነው።

ከላይ የጠቀስሁት የጭማሪ ወሰን በሕግ የተደነገገ ነው። ከ2016 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ካለው የበጀት ዓመት ጀምሮ የቪክቶሪያ መንግሥት ማዘጋጃ ቤቶች በየዓመቱ ሊጨምሩ የሚችሉትን ከፍተኛ መጠን ይወስናል። ለ2024 እስከ 2025 በመቶ 2.75፤ ለ2025 እስከ 2026 በመቶ 3 ነበር። ነገር ግን ይህ ወሰን በማዘጋጃ ቤቱ ክልል ሁሉ አማካይ ላይ የሚሠራ እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ላይ የሚሠራ አይደለም። ምሳሌያችን እንዳሳየው የአንዱ ቤት ግብር ከወሰኑ በላይ ሊጨምር፤ የሌላውም ሊቀንስ ይችላል፤ ሕግም አልፈረሰም።

በወረቀቱ ላይ ያሉት ሌሎች ክፍያዎች

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሬትስ ብቻ አይደለም። የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ አለ፤ እርሱም እንደ ቆሻሻ መያዣው ብዛትና ስፋት የሚለይ ሲሆን ከላይ በተነገረው ወሰን ውስጥ አይገባም። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ለአስተዳደር ሥራው ከእያንዳንዱ ንብረት እኩል የሆነ ቍርጥ ክፍያ ይጠይቃል። በአንድ ሰፈር አዲስ መንገድ ወይም የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሲሠራ፤ የሚጠቀሙበት ባለ ቤቶች ብቻ የሚከፍሉት ልዩ ክፍያ ሊኖር ይችላል።

ከዚህም ሌላ ለእሳት አደጋና ለድንገተኛ አደጋ አገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ስምና በሰፋ መልክ የሚሰበሰብ ሲሆን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ተቀብሎ ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ያስተላልፈዋል እንጂ የራሱ ገቢ አያደርገውም። እንግዲህ ድምሩ ከፍ ብሎ የታየው ሰው የትኛው መሥመር እንደ ጨመረ ለይቶ ሳያይ ማዘጋጃ ቤቱን አይውቀስ።

«ላንድ ታክስ» የሚባለው የመሬት ግብር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሚከፈለው ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሲሆን፤ ሰው የሚኖርበትን ዋና ቤቱን አይነካም። ለማከራየት ሁለተኛ ቤት የገዛ ግን ሊደርስበት ይችላል። ይህም የሚሰላው በባዶ መሬቱ ዋጋ ነው።

የክፍያው ቀን

ግብሩ በአራት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል፤ ይኸውም በሴፕቴምበር 30፤ በኖቬምበር 30፤ በፌብሩዋሪ 28 እና በሜይ 31 ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከፈቀደ አንድ ጊዜ አጠቃልሎ በፌብሩዋሪ 15 መክፈልም ይቻላል። የእኛን ቀን ለሚቈጥሩ ወላጆች፤ አራቱ ቀኖች በአብዛኛው ዓመት መስከረም 20፤ ኅዳር 21፤ የካቲት 21 እና ግንቦት 23 ላይ ይውላሉ። ሁለተኛው ከኅዳር ጽዮን በዓል ጋር ስለሚገናኝ ለማስታወስ አያስቸግርም። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን የፊተኞቹ ሦስቱ በአንድ ቀን ቀድመው ይውላሉ።

መቃወምና እፎይታ መጠየቅ

ግምቱ ትክክል ያልመሰለው ሰው የመቃወም መብት አለው። ነገር ግን ማመልከቻው ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በሁለት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ግብሩ በዛብኝ» ማለት ብቻ ምክንያት አይሆንም። በሰፈሩ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ ወይም በቤቱ ላይ በስሕተት የተመዘገበ ነገር ካለ ያንን ማሳየት ያስፈልጋል። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስም ክፍያው አይቋረጥም፤ የተፈረደለት ሰው ትርፉ ይመለስለታል ወይም ይታሰብለታል። በውሳኔው ያልረካ ደግሞ «ቪካት» ወደሚባለው ዳኝነት ሊሄድ ይችላል።

ጡረተኞች በሚኖሩበት ቤት ላይ የግብር ቅናሽ ያገኛሉ። ቅናሹ የግብሩ ግማሽ ሲሆን፤ በየዓመቱ ከሚወሰን አንድ መጠን አያልፍም። ከአደጋው ክፍያም ላይ 50 ዶላር ይነሣላቸዋል። ለዚህ የሚያበቃው የጡረተኛ መታወቂያ ካርድ ነው። «ኸልዝ ኬር ካርድ» የሚባለው ግን ለዚህ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ቅናሹም ማዘጋጃ ቤቱ ሳይጠየቅ በራሱ የሚመጣ ሳይሆን ተመልክቶ የሚገኝ ነው።

ጡረተኛ ያልሆነም ሰው ሥራ ቢያጣ ወይም ቢታመም፤ ክፍያውን በትንሽ በትንሹ ለመክፈል ወይም ለጊዜው ለማቆየት ማመልከት ይችላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው በ131 450 ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቆ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሊነጋገር ይችላል።

ዝም ያለ ሰው ግን በዕዳው ላይ በሕግ የተመለከተ ወለድ ይታሰብበታል። ያልተከፈለ ሬትስ ከቦታው ጋር የተሳሰረ ዕዳ ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ ከሽያጩ ይነሣል። ከሦስት ዓመት በላይ ሳይከፈል ቢቀርና በፍርድ ቤት ቢፈረድ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። እናታችን የፈሩት ነገር ሊመጣ የሚችለው እንግዲህ ደብዳቤውን በመክፈት አይደለም፤ ሳይከፍቱ በማኖር ነው።

ለሰበካ ጉባኤዎች አንድ ቃል

በየቦታው ማኅበረ ምእመናን ተባብረው አዳራሽና ቦታ እየገዙ ለቤተ ክርስቲያን ያደርጋሉ። በቪክቶሪያ ሕግ ለአምልኮ ብቻ የሚውል ቦታ፤ እንዲሁም የሃይማኖት ማኅበሩ ንብረት ሆኖ አገልጋይ ካህን ብቻ የሚኖርበት ቤት ከሬትስ ነፃ ነው። ነገር ግን ቦታው ስለ ተገዛ ብቻ ነፃነቱ በራሱ እንደሚመጣ አይታሰብ፤ አመልክቶ ማስመዝገብ ይገባል። ከግቢው ከፊሉ ለንግድ ቢከራይ ያ ክፍል ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። የቆሻሻና የመሳሰለው አገልግሎት ክፍያም ላይቀር ይችላል። ገንዘብ ያዡ ይህን በመጀመሪያው ዓመት ቢያጣራ ምእመናን ሳንቲም አዋጥተው የማይገባ ዕዳ ከመክፈል ይድናሉ።

የእናታችን ነገር እንዴት ሆነ?

ያን ቀን አራቱንም ፖስታዎች ከፍተን በቅደም ተከተል አነበብናቸው። የመጀመሪያው የዓመቱ ወረቀት ነበር፤ የቀሩት የማስታወሻ ደብዳቤዎች ናቸው። በማግሥቱ በአስተርጓሚ ደወልን። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ካርዳቸውን ለማዘጋጃ ቤቱ ስላላሳወቁ ቅናሹ አልታሰበላቸውም ነበር፤ አስመዘገብነው። የተከማቸውን ዕዳ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲከፍሉ ተስማሙ። ስለ ወለዱ በጽሑፍ አመለከትን፤ ተነሣላቸው።

አንድ ነገር ግን ሊመለስ አልቻለም። ጎረቤታቸው በስፋትም በዕድሜም የእርሳቸውን የሚመስል ቤት አላቸው። ወረቀታቸውን ቢያሳዩን ግምቱ ከእናታችን ቤት ግምት በ60,000 ዶላር ያንስ ነበር። በእያንዳንዱ ዶላር 0.0025 ቢታሰብ ልዩነቱ በዓመት 150 ዶላር ነው፤ ይህም ለአንድ ጡረተኛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ወረቀቱ የተጻፈው በነሐሴ ነበር፤ ሁለቱ ወር ያለፈው ፖስታው በመሳቢያ ውስጥ ሳለ ነው። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «የአባቴን ቤት የወሰደው አዋጅ ነው፤ ይህንን ግን ያስቀረሁት እኔው ነኝ» አሉ።

ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ የምመክረው ይህን ነው። ደብዳቤው በመጣበት ቀን ይከፈት። ከእንግሊዝኛው ጋር የተለማመዱ ልጆች ካሉ ከእናትና ከአባታቸው ጋር ተቀምጠው መሥመር በመሥመር ያንብቡት፤ ድምሩን ብቻ ነግረው አይለፉ። የተጻፈበት ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ ይመልከት፤ ከዚያም ሁለት ወር ተቈጥሮ ይመልከት። የመክፈል አቅም ካነሰ ከቀነ ገደቡ በፊት ይደወል።

ዘንድሮ በነሐሴ፤ በጾመ ፍልሰታ፤ እኒህ እናት ስልክ ደወሉልኝ። ከማታው ቅዳሴ ተመልሼ ወደ ቤታቸው ስደርስ ፖስታው ተከፍቶ፤ ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፤ ጎረቤታቸውም ወረቀታቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው፤ ጣታቸውን ከወረቀቱ ራስ በተጻፈው ቀን ላይ አኑረው «መምህር፤ ከዚህ ቀን ቢቈጠር ሁለቱ ወር የሚሞላው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።